ብራችን ሲወርድ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ሰኞ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ስልኬ አላርፍ አለ። «ዶላር ጨመረ፣ ቶሎ ላኪ!» ይላል ዘመዱ ሁሉ። በንግድ ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያን ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ። የዑማን ሪያል ደግሞ ከ1978 ዓ.ም ጀምሮ በ2 ዶላር ከ60 ሳንቲም እንደታሰረ ነው። ስለዚህ የእኔ 50 ሪያል ከ7,400 ብር ተነስቶ 9,700 ገባ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

በዚያው ቀን አይ ኤም ኤፍ የሚባለው የገንዘብ ድርጅት ለኢትዮጵያ በአራት ዓመት የሚሰጥ 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ። ብር በገበያ ዋጋ ይተመን እያለ ሲጎተጉት ዓመታት ሆኖታል። ታዲያ ይሄ ድርጅት ማነው ብዬ ዓርብ ዓርብ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ የተጀመረው ሐምሌ 1936 ዓ.ም አሜሪካ ውስጥ ብሬተን ውድስ በሚባል ቦታ ነው። ጦርነቱ ገና አላለቀም። 44 አገሮች ተሰበሰቡ፣ ጣሊያንን ካስወጣች ሦስት ዓመቷ የሆነው ኢትዮጵያም ነበረችበት። ሁለት ድርጅት ወጣ፦ የውጭ ምንዛሪ ላጠረው አገር የሚያበድረው አይ ኤም ኤፍ፣ ለግንባታና ለልማት የሚያበድረው የዓለም ባንክ። እንደ ዕቁባችን አባል ሁሉ መዋጮ አለው። እኛ ጋ ግን ሁሉም እኩል ይናገራል፣ እዚያ ብዙ ያዋጣ ብዙ ድምፅ አለው። አይ ኤም ኤፍ ውስጥ ትልቁ ጉዳይ 85 በመቶ ድምፅ ይፈልጋል፣ አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ ይዛለች። እሷ እምቢ ካለች አለቀ ማለት ነው።

ክፉ ብቻ ሠሩ አልልም። የዓለም ባንክ ለአፍሪካ መጀመሪያ ያበደረው ለእኛ ነው፣ በ1943 ዓ.ም። 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮን ለልማት ባንክ፣ ብዙም ሳይቆይ ለስልክ ጨመረ። አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በዚያ ብድር ጊዜ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ብድሩ ከነቅድመ ሁኔታው መጣ። በ1985 ዓ.ም መጀመሪያ 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረው ዶላር በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። እኔ አልተወለድኩም፣ እናቴ ግን ታስታውሳለች። የ2016ቱ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። ሐሳባቸው የገባኝ እንዲህ ነው፦ ብር ሲረክስ ቡናችን ውጭ በደንብ ይሸጣል፣ በባንክና በጥቁር ገበያ መሃል ያለው ልዩነት ይጠባል፣ እኛም በሐዋላ መላክ ትተን በባንክ እንልካለን። ልክ ነው፣ እኔም አሁን በባንክ ነው የምልከው። ግን ነዳጁም፣ ማዳበሪያውም፣ ዘይቱም የሚመጣው በዶላር ነው። ደመወዙ በብር የሆነው ወንድሜ ምን ይሁን?

ያን የጨመረልኝን 2,300 ብር ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ ብዬ ነበር የላክሁት። ቆርቆሮው እስኪገዛ ዋጋው ወጣ። ዘንድሮም ጣሪያው ግማሹ ሳር ነው።