ፈረስ አሳየኝ

ስሙኝማ! የዛሬው ትረካ ከአገው ምድር ነው። ከእንጅባራ ተነሥታችሁ፣ አስፋልቱን ይዛችሁ ወደ ዳንግላ ስትወርዱ፣ መሐል ላይ አዲስ ቅዳምን ታገኛላችሁ፤ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ናት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ኮረብታው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ለብሷል። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ይሰበስባል፣ በተከታዩ ከዛፉ ሥር ሣር ያጭዳል፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ያከስለዋል። አዲስ አበባ ምድጃ ላይ ከሚቀላው ከሰል ጥቂት የማይባለው ከዚህ የተጫነ ነው። ያ ከሰል የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ቀይሯል፣ ልጅ አስተምሯል። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን በሽታ መታው፤ ብሩም እንደ ድሮው አይገኝም። ስለዚህ በዚህ አገር አንድ ቤት «ቴሌቪዥን ልግዛ» ሲል የዓመታት ላቡን ነው የሚቆጥረው። እኔም ነገሩን ረጋ ብዬ የምተርክላችሁ ለዚህ ነው።

እንግዲህ በዚያ አገር አንድ ሽማግሌ አሉ እንበል። ስም አናወጣላቸውም፤ ከብዙ ቤት የተውጣጡ ሰው ናቸው። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ የባለቤታቸው እቁብ ደረሰ። ቤት ያለው ቴሌቪዥን ያ ጀርባው የተቆለለ፣ 21 ኢንች፣ የሰውን ፊት ሁሉ አረንጓዴ አድርጎ የሚያሳይ አሮጌ ነው።

«ይኸን ብር ሌላ ነገር አላደርገውም» አሉ ባለቤታቸው። «ፍላት እንገዛለን።»

ሽማግሌው አልተቃወሙም። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተ በዓመት ከመንፈቁ ነው። ቀለም የለበሰው ደግሞ በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር። ሽማግሌው ያንን ሁሉ በወሬ ነው የሰሙት። አሁን ፍላት የመግዛቱ ተራ የእሳቸው ቤት ነው፤ ደስ ብሏቸዋል።

ሽማግሌው፣ ባለቤታቸውና ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጃቸው ሦስት ሆነው ሚኒባስ ተሳፍረው ዳንግላ ወረዱ። ዳንግላ የዋዛ ከተማ እንዳትመስላችሁ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1925 ጀምሮ ቺስማን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል እዚህ ተቀምጦ ነው ጣናንና ዓባይን ዞሮ ካርታ ያነሳው። በዚያ ዘመን የዓለም ወሬ ዳንግላ የሚደርሰው በእግረኛ መልእክተኛ ነበር። ዛሬ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ስክሪን የሆነ ሱቅ አለ።

ገቡ። ስክሪኑ ሁሉ ያበራል። ከባሕር በታች ቀይና ቢጫ ዓሣ ይዋኛል፤ የአበባ እርሻ ይታያል፤ የጤዛው ጠብታ ይቆጠራል። እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ደህና መጣችሁ፣ አባባ። ይኸኛው 43 ኢንች ነው፤ ጥራቱን እያዩት ነው» አለ ባለ ሱቁ።

ሽማግሌው ጥቂት ቆመው አዩና፣ «ልጄ፣ ዓሣው መልካም ነው። ፈረስ አሳየኝ» አሉ።

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። የግዢው ሁሉ ቁልፍ ያለው በዚህች ቃል ውስጥ ነው። የሱቁ ዓሣ ከፍላሽ የሚወጣ ነው። ስክሪኑ እንዲያምር ተብሎ በከፍተኛ ጥራት የተቀረጸ፣ እርግት ያለ፣ በብርሃን የተጥለቀለቀ ምስል ነው። እቤታችሁ ግን ዓሣ አታዩም። የምታዩት ዜና ነው፣ ድራማ ነው፣ ኳስ ነው፤ በዚህ አገር፣ በአዊ ደግሞ ጥር 23 ቀን ፈረስ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል። ከ60 ሺህ በላይ አባላት አሉት። ሠርግና ለቅሶ ላይ ይቆማል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ በየዓመቱ እንጅባራ ላይ በጉግስና በሽምጥ ግልቢያ በዓሉን ያከብራል። ሽማግሌው የማኅበሩ አባል ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለደከመ አሁን ሜዳ አይወርዱም። ቴሌቪዥን የሚገዙት ዳማውን ከቦራው፣ ቦራውን ከአምባላዩ ለይተው ለማየት ነው።

ባለ ሱቁ ደግ ሰው ነው። «ፈረስ እንኳን አሁን የለም፣ አባባ» ብሎ ሳቀ። ልጅቱ ግን፣ «ፍላሹን ንቀልልንና በዲሽ ክፈትልን» አለችው። ሪሲቨሩን አገናኘና የክልሉን ጣቢያ አሚኮን አመጣ፤ ከዚያ ጣቢያ ቀየረ፤ ኳስ ላይ ቆመ።

«ይሁን፤ የሚሮጥ ነገር ይበቃኛል» አሉ ሽማግሌው።

የሆነውን ላውራላችሁ። ያ ጤዛ የሚያስቆጥረው ስክሪን ደበዘዘ። የተጫዋቾቹ እግርና ሣሩ ተቀላቀለ፤ ኳሷ ስትመታ ጅራት አወጣች። እናትየው «ተበላሸ እንዴ?» ብለው ደነገጡ። አልተበላሸም። ልጅቱ ከጀርባው ጎንበስ ብላ አየች፤ ሪሲቨሩ የተሰካው በሦስቱ ገመዶች ነው፤ በቢጫው፣ በቀዩና በነጩ። ምስል የሚያልፈው በቢጫው ብቻ ነው፤ የሚሸከመውም 576 መስመር ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው ስክሪን 1,080 መስመር አለው። ትልቅ በርሜል ገዝቶ በቀጭን ጎማ እንደ መሙላት ነው። «ኤችዲኤምአይ አድርግልን» አለች። ገመዱ ተቀየረ፤ ኳሱን የሚያሳየው ጣቢያም በኤችዲ የሚያሰራጭ ነበርና የማልያው ቁጥር ተነበበ። ወደ ሌላ ጣቢያ ሲዞር እንደገና ለሰለሰ፤ ያኛው ከምንጩ የሚልከው በዝቅተኛው ጥራት ነው። ከምንጩ ያልመጣውን የትኛውም ስክሪን አይፈጥረውም። ብዙ ቤት ስንት ሺህ ብር አፍስሶ ኤችዲ ገዝቶ፣ በቢጫው ገመድ አሮጌውን ምስል እያየ ይኖራል። ይኸ ያንገበግበኛል፤ መድኃኒቱ አንድ ገመድና ኤችዲ ሪሲቨር ነውና።

እናትየው ደግሞ ማንም ያላስተማራቸውን ፈተና ፈተኑት። ከስክሪኑ ፊት ለፊት ተነሥተው ወደ ጥጉ ሄዱና ከጎን አዩት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሏቸው ባላቸው።

«ቡና የማፈላው ጥግ ላይ ነዋ! ከዚህ ሳየው ፊታቸው አመድ መሰለ።»

እውነታቸውን ነው። ከፊት ሲያዩት ጥቁሩ ደማቅ ሆኖ ከጎን ሲያዩት የሚነጣ ስክሪን አለ፤ ከጎንም ቀለሙን የሚጠብቅ አለ። እንግዳ ዙሪያውን ተኮልኩሎ በሚያይበት በእኛ ቤት ይኸ ከኢንቹ ይበልጣል። ባለ ሱቁ ሌላ አወረደላቸው፤ ከጎንም ያው ሆነ።

ስለ መጠኑ ብዙ አልሄድም። ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው፤ 32 ኢንች 81 ሴንቲ ሜትር፣ 43 ኢንች 109 ሴንቲ ሜትር። ብዙዎቹ ባለ 32ቶች ኤችዲ ቢባሉም ሙሉው ፉል ኤችዲ አይደሉም፤ 768 መስመር ነው ያላቸው። ፎርኬውን ደግሞ ከዲሽ ለሚያይ ቤት አልመክረውም።

«ስማርት ነው፣ ዩቲዩብ አለው» አለ ባለ ሱቁ። ልጅቱ ዝም አለች። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳለች። ጭማሪው ትንሽ ከሆነ ይሁን፤ ትልቅ ከሆነ ያንን ብር ለስታብላይዘር ማዋል ይሻላል።

ዋጋው? ቴሌቪዥን በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ወይ ተገጣጥሞ፣ ወይ ተበታትኖ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። የእናትየው እቁብ ሲጀመር የታሰበው 50 ኢንች ነበር፤ ሲደርስ 43 ሆነ። ተከራክረው ጥቂት አስቀነሱ።

ከመክፈላቸው በፊት ልጅቱ ሁለት ነገር አደረገች። ከፊት የተለጠፈው ስም ከጀርባው ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን አየች፤ የሞዴሉን ቁጥርና የካርቶኑን መለያ ቁጥር አስተያየች። ከዚያ በሪሞቱ ቅንብሩ ውስጥ ገብታ፣ ስክሪኑ ራሱ «እኔ እገሌ ነኝ» የሚለው ስም ከዚያ ጋር መግጠሙን አረጋገጠች። ታዋቂ ስም ተለጥፎበት ውስጡ ሌላ የሆነ ዕቃ ገበያ ላይ ይገኛልና። የዋስትናው ወረቀት በማኅተምና በቀን ተጻፈ።

በመልሱ ጉዞ ላይ ረዳቱ ካርቶኑን ሚኒባሱ ጣራ ላይ ሊያጋድመው ሲል ሽማግሌው «ቆሞ ነው የሚሄደው!» ብለው ጮኹበት። ልክ ናቸው፤ ፍላት ተጋድሞ በተንገጫገጨ ጊዜ መሐሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። በእግራቸው መሐል አቁመውት ሄዱ።

ቤት ሲደርሱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ተባለ። ቤቱ የጭቃ ነው። ጭቃው ብሎን አይዝም፤ ብራኬቱ የግድ ቋሚው እንጨት ላይ መመታት አለበት። ቋሚው የተገኘው መስኮቱ ትይዩ ሆነ፤ ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። ተዉትና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

የቀረው ዲሹ ነው። የእነሱ ዲሽ አሁንም እንደ ድሮው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያለውን ናይልሳትን ፍለጋ ወደ ፀሐይ መግቢያ ያያል። የአገራችን ጣቢያዎች ግን በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ኢትዮሳት በሚል ስም 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ዞረዋል። ዲሽ ሠሪው መጣ፤ ወደ ፀሐይ መውጫ አዞረው፣ ሳህኑንም ወደ ላይ ቀና አደረገው፤ ይኸኛው ሳተላይት ከአዊ ሲታይ ወደ አናት የቀረበ ነው።

«ክረምት ሲሆን ይቆራረጥብኛል፤ ዕቃው ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ዝናቡ ነው፣ አባባ። ደመናው ሲከብድ ሲግናሉን ይበላዋል። ሲያባራ ይመለሳል። መብረቅ ሲሆን ግን ሶኬቱን ብቻ አይደለም፣ የዲሹንም ገመድ ይንቀሉት።»

እንጅባራ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ የአካባቢው ክረምት ነጎድጓድ ነው። ያ ምክር ከዋስትናው ወረቀት ይበልጣል።

ጥር 23 ደረሰ። ቤቱ በጎረቤት ሞላ። እንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረሰኛው በሰልፍ ሲገባ ሽማግሌው ወንበራቸውን ሳቡ።

«ያ ዳማ የማን ነው? ኮርቻውን እዩት፣ የድሮ ሥራ ነው!»

«ቦራ ነው እንጂ፣ ጋሼ» አለ አንዱ ጎረቤት።

«ግንባሩ ላይ ነጭ የታለ? እየው እንጂ!»

ጎረቤቱ ተጠግቶ አየ። ነጭ አልነበረም። ከዚያ ዞር ብሎ ልጅቱን፣ «የእኛም ባለፈው ፋሲካ የተገዛ ፍላት ነው፤ ግን እንዲህ አያሳይም። ለምንድን ነው?» አላት።

«ገመዱ ስንት ቀለም አለው?»

«ሦስት።»

ልጅቱ ከመሳቢያው ከካርቶኑ ጋር የመጣውን ትርፍ ኤችዲኤምአይ አወጣችና ሰጠችው። ሰውዬው ጉግሱ እስኪጀመር አልጠበቀም፤ ገመዱን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ሮጠ።