ኧረ መላ መላ፦ ወንድሜ የገዛው ካሴት

ልጆች፣ ስለ ሱዳን መንገድ ሽማግሌዎቻችሁ ብዙ ነግረዋችኋል። በዚያ ዘመን ወጣት ሆነን ምን እንሰማ እንደነበር ግን የነገራችሁ የለም። የልጅ ልጄ በ1973 የወጣውን የእንግሊዞቹን የፒንክ ፍሎይድን አልበም እያስደመጠ «ሳባ፣ ሙዚቃ ማለት ይሄ ነው» ይለኛል። ሰማሁት፤ ደህና ነው። እሱ በወጣ በሁለት ዓመቱ ግን አዲስ አበባ ላይ የተሠራ፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚይዘኝ አልበም አለ፤ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»። ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው እናንተ በምታውቁት አቆጣጠር ነው።

ማሕሙድ በ1941 አዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ ሊስትሮ ነበር። በኋላ አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ እየተላላከ ሲሠራ ድምፁ ታወቀለትና ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ። በመስከረም 1974 ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ አገሩን ያዘ። በማግስቱ ዓመት ማሕሙድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ይህን ሥራ ሠራ፤ ያሳተመው ካይፋ ነው። በባንዱ ጊታሩ የሰላም ስዩም፣ ቤዙ የጆቫኒ ሪኮ ነበር። ሰዓት እላፊ ሲመጣ የሌሊቱ ጭፈራ ጠበበ፤ ሸክላውንም ካሴት ተካው። ካሴት ርካሽ ነው፣ ይገለበጣል፣ በአውቶብስ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ጎንደር ደረሰ።

እኔ የገጠር ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት፣ ዳዊት የደገምሁት ከቄስ እግር ሥር ነው። ቄሳችን ዘፈን አይወዱም ነበር። ታናሽ ወንድሜ ጎንደር ማረሻ ሊሸጥ ሄዶ ካሴቱን ይዞ መጣ። ቴፕ ከጎረቤት ተዋስን፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጣን እንሰማለን። ኋላ የገባኝ ነገር አለ። በጸሎት ቤታችን ነጋሪትና ቃጭል ነበር። ቄሶቹ እየተቀባበሉ ያዜማሉ፣ ነጋሪቱ ያንኑ ምት ይመላለስበታል። በማሕሙድም ቤዙ ያንኑ መንገድ እየተመላለሰ ይረግጣል፣ ድምፁ በላዩ ይንቀጠቀጣል፣ ሳክስፎኑ ይቀበለዋል። አዲስ ነገር ቢሆንም እንግዳ አልሆነብኝም።

ዘፈኑ የፍቅር ነው። መላ ማለት መውጫ፣ ዘዴ ማለት ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ግን «መላው ምንድን ነው?» የማይባልበት ቤት አልነበረም። ልጅ ወጥቶ አይመለስም፤ ሰው ጎረቤቱን ይፈራል። አገሩ መላ ቅጡ ጠፍቶት ነበር። እኛ ኢየሩሳሌም የሚባል መላ ነበረን፤ መንገዱን ግን ማን ያሳየን?

በ1984 ስንወጣ ካሴቱ እዚያው ቀረ። የምንሄደው በሌሊት ነው፤ ሳል እንኳ ይታፈናል። ወንድሜ ከፊቴ እየሄደ ያንን ቤዝ በአፍንጫው ያንጎራጉራል፤ እኔ «ተው፣ ዝም በል» እለዋለሁ። ኡም ራኩባ መጠለያ ደርሰን እዚያው ሞተ። በዚያ መንገድና በመጠለያዎቹ ወደ 4,000 የሚሆን ወገናችን አልቋል። በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከወንድሜ ግን ፎቶግራፍ እንኳ የለኝም። የቀረኝ ይህ ሙዚቃ ነው።

እኔ እዚህ ዕብራይስጥ ስማር፣ አልበሙ ደግሞ ለብቻው ተሰደደ። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የሚባል የቤልጅግ ኩባንያ አወጣው፤ ፈረንጅ ሰማው። በኋላም «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ 7ኛ ሆኖ በሲዲ ታተመ። እኔም ቴል አቪቭ ታሓና መርካዚት ካሉት ከእኛ ሰዎች ሱቅ ገዛሁት። ሻአሪያ ቤቴ ውስጥ ስከፍተው ጎረቤቴ፣ የመን የተወለዱት አሮጊት፣ በረንዳቸው ላይ ሆነው ምቱን በቆርቆሮ ይመቱልኝ ጀመር። ቃሉን አያውቁትም፤ ምቱ ግን አልጠፋቸውም። ነፍሳቸውን ይማር።

ልጆች፣ ወላጆቻችሁ ባዶ እጃቸውን የመጡ ይመስላችኋል። በእጃቸው አልያዙም እንጂ በጆሯቸው ይዘው መጥተዋል። አባትህን «ከመውጣትህ በፊት ምን ትሰማ ነበር?» በለው፤ እናትሽንም ጠይቂያት። ስለ መንገዱ ሲጠየቁ ዝም የሚሉት ሰዎች ስለ ዘፈን ሲጠየቁ ይናገራሉ። እኔም የወንድሜን ነገር ለልጆቼ የነገርኳቸው ይህ ሲዲ እየዘፈነ ነው።