የመርፌዋ ቤት፦ ከየመን ጣሳ እስከ ወገዳ ልጆች



አዲስ ቤት ስንከራይ ወይም ሩቅ ከተማ በእንግድነት ስንሄድ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ብዙዎቻችን ስልካችንን እናወጣለን። የቂብላ መተግበሪያው ይከፈታል፤ ቀስቱ ወዲያ ወዲህ ይላል። አንዳንዴም ስልካችሁን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራችሁ አወዛውዙ ይለናል። እናወዛውዛለን፤ ቀስቱ ይረጋል፤ ተክቢራ እናደርጋለን። ለምን እንዳወዛወዝነው ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

በስልኩ ውስጥ የመሬትን የማግኔት ኃይል የሚለካ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ዕቃ አለ። ስምንት ቁጥሩ ስልኩ የራሱን ብረታ ብረት ከመሬት ማግኔት ለይቶ እንዲያውቅ ያደርገዋል። ብረት በበዛበት ቤት፣ በፌሮ ምሰሶ አጠገብ ወይም ማግኔት ባለው የስልክ ሽፋን ቀስቱ የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። ይህ ዕቃ አዲስ ቢመስልም ሥራው የ700 ዓመት ታሪክ አለው። ያ ታሪክ ደግሞ ከቀይ ባሕር ማዶ ጎረቤታችን ይነሳል፤ ዛሬም ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላሉ ታናናሾቻችን የሚጠቅም ትምህርት በውስጡ ይዟል።

ከባሕር ላይ የተጀመረ ወሬ

በማግኔት የታሸ መርፌ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚዞር ቻይናውያን ቀድመው ያውቁ ነበር። ሼን ኩዎ የተባለው ሊቅ በ1088 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጽፎታል። በዓረብኛ ደግሞ በይለቅ አል-ቂብጃቂ የተባለ ሰው በ1282 እ.ኤ.አ. ስለ ድንጋዮች በጻፈው «ከንዙት ቱጃር» (የነጋዴዎች ሀብት) በተባለ መጽሐፍ በዓይኑ ያየውን ያወራል። በ640 ዓመተ ሂጅራ (1242 እ.ኤ.አ. ገደማ) ከሻም ትሪፖሊ ወደ እስክንድርያ በመርከብ ሲጓዝ ሌሊቱ ጨለመ፤ ኮከብም ጠፋ። የመርከቧ አለቃ ውኃ የሞላ ዕቃ አስመጣ፤ በቀላል እንጨት ላይ የተሰካ መርፌ አንሳፈፈበት። ከዚያ መዳፍ የሚሞላ የማግኔት ድንጋይ ይዞ ከውኃው በላይ አዞረ፤ መርፌውም ተከትሎት ዞረ። አለቃው እጁን ድንገት ሲያነሳ መርፌው በሰሜንና በደቡብ ረጋ።

ይኸው ጸሐፊ በሕንድ ባሕር የሚጓዙ መርከበኞች በመርፌ ፈንታ ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ዓሣ እንደሚያንሳፍፉም ጽፏል። ራሱና ጭራው ሰሜንና ደቡብን ያሳያል ማለት ነው። በዚያ ባሕር የነበሩ መርከበኞች ኮምፓስን «በይቱል ኢብራ» ይሉታል፤ የመርፌ ቤት ማለት ነው።

በእጁ የሚሠራው ልዑል

ይህን የመርከበኛ ጥበብ ለሶላት ያዋለና በጽሑፍ ያስቀመጠ፣ እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ቀዳሚው፣ የየመኑ ረሱሊ ልዑል ኋላም ሱልጣን የሆነው አል-አሽረፍ ዑመር ኢብኑ ዩሱፍ ነው። ሱልጣን ሆኖ የቆየው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1295 እ.ኤ.አ. ነግሦ በ1296 አረፈ። ከዚያ በፊት ግን የከዋክብትንና የእርሻ ወቅቶችን እውቀት ጽፏል፤ የሥነ ፈለክ መሣሪያዎችንም በእጁ ሠርቷል። በ1291 የሠራው አስጥርላብ (የኮከብ ከፍታ መለኪያ) ዛሬ ኒውዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይታያል። ልዑል ሆኖ ሳለ ነሐስ ቆርጦ፣ ዲግሪ ከፍሎ መቅረጽን አላፈረበትም።

ስለ አስጥርላብ አሠራር በጻፈው ሥራ ውስጥ ስለ ኮምፓስም አስፍሯል። ውኃ የሚሞላ ክብ ዕቃ፣ በዙሪያው በዲግሪ የተከፋፈለ ጠርዝ፣ በውኃው ላይ በቀላል ነገር የምትንሳፈፍ የታሸች መርፌ። በዚህም ቂብላን እንዴት ማግኘት እንደሚቻል አስረዳ። ያን የውኃ ዕቃ የሚጠራው «ጣሳ» ብሎ ነው። አዎ፣ እኛም ጣሳ የምንለው ነው። ማግኔትን በአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት «መግነጢስ» ስንለውም ቃሉ ከዓረብኛው «መግናጢስ» ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ከግሪክኛ የመጡ ናቸው። ማለትም እውቀቱ ለኛ ባዕድ አይደለም፤ ስሙ በቤታችን አለ።

ከኛ ወገን ደግሞ

የበጌምድር ሙስሊም ነጋዴዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጣና ምሥራቅ ካሉት ከይፋግና ከደሪጣ ተነስተው በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ይወርዱ ነበር። የሐጅ መንገድም ያው ነበር። ባሕሩን የሚያሻግሯቸው መርከበኞች በመርፌ ቤት የሚመሩ ነበሩ።

ከሐበሻ ምድር የወጡ ጀበርቲዎችም በካይሮው አል-አዝሐር የራሳቸው የተማሪዎች ማደሪያ፣ ሪዋቀል ጀበርት፣ ነበራቸው። የታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ አባት ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ (1774 እ.ኤ.አ. ያረፉ) በፊቅህ ብቻ ሳይሆን በሒሳብና በሥነ ፈለክም የታወቁ ነበሩ። የጥላ ሰዓት ይነድፉ ነበር። ልጃቸው እንደጻፈው በ1159 ዓመተ ሂጅራ ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ ከሳቸው ዘንድ ጂኦሜትሪ ተምረዋል። ዘራቸው ከኛ ቀንድ የሆነ ዓሊም እውቀትን በእጅና በዓይን ያስተምሩ እንደነበር ማወቅ ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

ኢትዮጵያ በማግኔት መሐል

በ1600 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ዊሊያም ጊልበርት መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት መሆኗን አሳየ። የዚህ ትልቅ ማግኔት ወገብ ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በ1950 ዓ.ም. (1957/58 እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ተቋቋመ። ያቋቋመው ፒየር ጉዋን የተባለ ካናዳዊ ካህን ነበር። ቦታው ለማግኔት ወገብ ቅርብ በመሆኑ የአዲስ አበባው ልኬት በዓለም ላይ ተፈላጊ ነው።

ይህ ለልጆች ምን ማለት ነው? የታሸች መርፌ በክር ብትንጠለጠል ለንደን ላይ አፍንጫዋን ወደ መሬት በጣም ትደፋለች። እኛ አገር ግን ሊጋደም ምንም ያህል አይቀራትም። መርፌ አንሳፍፎ ለመማር ከኢትዮጵያ የተሻለ አገር ማግኘት ይከብዳል።

ወገዳ ላይ ሲሆን

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያምራል። መካ ከዚያ አካባቢ 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ አቅጣጫዋ ሰሜን ሆኖ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ከነፋስ መውጫ 7 ዲግሪ ተኩል፣ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። የማግኔት መርፌ ደግሞ በዚያ አካባቢ ከትክክለኛው ሰሜን 3 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ትዞራለች። ስለዚህ በውኃ ላይ የረጋችው መርፌ ሰሜን ጫፍና ቂብላ የሚለያዩት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ክንድን ዘርግቶ ሦስት ጣት ቢያጋጥሙ ስፋቱ 5 ዲግሪ ያህል ይሆናል። የወገዳ ልጅ መርፌዋን አይቶ ሦስት ጣት ያህል ወደ ቀኙ ቢያዘነብል ቂብላው ላይ ደረሰ ማለት ነው። የጅማ ወይም የሐረር ልጅ ከመርፌው የበለጠ መዞር አለበት።

እንዲህ እናስተምራቸው፦

1ኛ፦ ማግኔት ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ይገኛል፤ ራዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ሞልቷል። መጀመሪያ ልጆቹ ይገምቱ፤ ከዚያ ይፈትኑ። ሚስማር፣ ማጭድ፣ የአሉሚኒየም ድስት፣ የመዳብ ሽቦ፣ የተለያየ ሳንቲም። ማግኔት «ብረት የመሰለውን» ሁሉ እንደማይስብ በእጃቸው ያገኙታል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ የተጎተተው የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል እንኳ ነሐስ ስለሆነ ማግኔት አይዝበትም።

2ኛ፦ ከዝናብ በኋላ በጎርፍ መውረጃ ደረቅ አሸዋ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ማግኔት ይጎትቱ። ጥቁር ጥቃቅን ፍሬ ተለጥፎበት ይወጣል። ጉና የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ ድንጋዩ ሲፈርስ በውስጡ ያለው የብረት ማዕድን ከወንዝ አሸዋ ጋር ይወርዳል።

3ኛ፦ መርፌ በማግኔቱ በአንድ በኩል ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች፣ 30 ጊዜ ያህል ይሹ። ወዲያና ወዲህ ካሹት አይሆንም። ከዚያ በቅጠል ወይም በስስ ስፖንጅ ላይ አድርገው በውኃ ላይ ያንሳፍፏት። ዕቃው ሸክላ ወይም ፕላስቲክ ይሁን። የአል-አሽረፍን ቃል ብንወርስም የዛሬው የቆርቆሮ ጣሳ ብረት ስለሆነ መርፌዋን ያሳስታታል። ማግኔቱም ይራቅ።

4ኛ፦ የትኛው ጫፍ ሰሜን እንደሆነ ከፀሐይ ይጠይቁ። በሜዳ ላይ እንጨት ተክለው በዙሪያው ክብ ያስምሩ። ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን የነካበትን፣ ከሰዓት በኋላም እንደገና የነካበትን ምልክት ያድርጉ። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ይህ የጥንት ዓሊሞች «አድ-ዳኢረቱል ሂንዲያ» (የሕንድ ክብ) ያሉት ዘዴ ነው።

5ኛ፦ በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በከዕባ አናት ላይ ትቆማለች። በግንቦት 19 ወይም 20 ከቀኑ 6፡18፣ በሐምሌ 8 ወይም 9 ደግሞ 6፡27 ላይ በኛ ሰዓት። ሐምሌ ደመና ስለሚበዛ ግንቦትን ጠብቁ። በዚያች ደቂቃ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ ከቂብላ ተቃራኒ ይወድቃል። ጥላው አጭር ነው፤ የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ ከአንድ ስንዝር ያንሳል፤ ግን አይዋሽም። ልጆቹ መርፌዋን፣ ክቡንና ይህን ጥላ ያነጻጽሩ። ሦስቱ ሲገጥሙ ፊታቸውን ማየት ብቻውን ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ትናንሽ ማግኔቶች ሕፃናት እጅ አይግቡ። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ተጣብቆ ሊበሳ ይችላል፤ ፈጥኖ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ሌላም አለ። ልጆቹ መርፌ ይዘው «መስጂዳችን ተሳስቷል» እንዳይሉ አስተምሯቸው። ጥቂት ዲግሪ መዛነፍ ሶላትን እንደማያበላሽ ዑለሞቻችን ያስረዳሉ፤ ጥያቄ ካለ ለነሱ ይቅረብ።

ለምን አሁን?

ብዙዎቻችን ማግኔትን የተማርነው ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጠን ነው። «ተመሳሳይ ዋልታዎች ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒ ዋልታዎች ይሳሳባሉ» ብለን ፈተና አለፍን፤ ግፊቱን ግን በጣታችን ሳንቀምሰው። ዛሬ ደግሞ ከዚያም የባሰ ጊዜ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ሕፃናትም ዓመታት ባክነውባቸዋል። ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል የሁሉም ልጅ ነው የተጎዳው። የትምህርት ቤቱን በር እኛ መክፈት አንችል ይሆናል። ነገር ግን አንድ መርፌ፣ አንድ ሳህን ውኃና ከአሮጌ ራዲዮ የወጣ ማግኔት በር አያስፈልጋቸውም። በመድረሳው ግቢም፣ በጎረቤት አጸድም፣ ከክርስቲያን ጎረቤት ልጆች ጋር ሆነውም ይሠራል።

እናንተ ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ለዒድ ቤተሰብ ልትጠይቁ ስትሄዱ ከከረሜላው ጋር አንድ የድምፅ ማጉያ ማግኔት ያዙላቸው። መልሱን ቀድማችሁ አትንገሯቸው። መርፌዋ ስትዞር ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ «ለምን?» የሚለው ከነሱ አፍ ይውጣ። ከ700 ዓመት በፊት አንድ የየመን ልዑል ጣሳ ላይ አጎንብሶ ያየውን ያንኑ ነገር ነው የሚያዩት።

ወላሁ አዕለም።