ሰው ይዝላል እንጂ አይሰበርም

ሰሞኑን እጄ የገባች አንዲት የጤና በራሪ ወረቀት ስለ «አረጋውያን ተሰባሪነት» ታስተምራለች። «ተሰባሪ» የሚለውን እስከ ዛሬ የማውቀው ብርጭቆ በታሸገበት ካርቶን ላይ ነበር። የእንግሊዝኛው «ፍሬይልቲ» የላቲን ሥሩ ከመሰበር ጋር ይገናኛል፤ ተርጓሚው ሥሩን ተከትሎ መንገድ ሳተ። እኛ ዘንድ ሸክላ ይሰበራል፣ አጥንት ይሰበራል፣ ልብም ይሰበራል። ወረቀቷን ያነበበ ሁሉ ስለ አጥንት መሳሳት የተጻፈች ትመስለዋለች።

ነገሩ ሌላ ነው። የሰውነት መጠባበቂያ አቅም ተሟጦ፣ ሌላው በሁለት ቀን የሚገላገለው ጉንፋን አዛውንቱን አልጋ ላይ ሲያስቀር ማለት ነው። ተመራማሪዋ ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው በ2001 እ.ኤ.አ. አምስት ምልክቶች ዘረዘሩ፦ ሳያስቡት መክሳት፣ ድካም፣ የእርምጃ መዘግየት፣ የእንቅስቃሴ ማነስ፣ የእጅ ጉልበት መቀነስ። ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ የተገኙበት ሰው ፍሬይልቲ ደርሶበታል ይባላል። የእጁን ጉልበት ለማወቅ ዳይናሞሜትር የሚባል መሣሪያ አስጨብጦ ማስጨመቅ ይበቃል። የአውሮፓ ባለሙያዎች ስለ ጡንቻ መመንመን በ2019 ባወጡት መመዘኛ ወንድ ከ27 ኪሎ፣ ሴት ከ16 ኪሎ በታች ከጨመቁ ጉልበታቸው አንሷል።

ታዲያ ምን እንበለው? «አቅመ ደካማ» እንዳንል፣ እሱ ዛሬ ክረምት ሲመጣ ቤቱ የሚታደስለት ችግረኛ ሆኗል፤ ይህ ግን ባለ ፎቁንም አይምርም። «መጃጀት» አእምሮን ይነካል፣ ስድብም አለበት። «ድካም» ከአምስቱ አንዱ ነው፤ አባቱን በልጁ ስም መጥራት ይሆናል።

እኔ «ዝለት» እላለሁ። ክንድ ይዝላል፣ ጉልበት ይዝላል፤ የሚለካውም እጅ አይደል? መንገደኛም ይዝላል፣ ግን አድሮ ይለቀዋል ካላችሁኝ «የእርጅና ዝለት» በሉት። ደግሞ ይረባል፦ የዛለ፣ መዛል የጀመረ። ገና ጫፉ ላይ ያለውን «ቅድመ ተሰባሪ» ከማለት ያድነናል።

ለእጁ ጉልበትም ስም ስፈልግ ተቸግሬ ነበር። «ጭብጥ»ን ሃያስያን ወስደውታል፣ «ጨበጣ»ን ወታደሮች፤ «ጨብጥ» የምን በሽታ ስም እንደሆነ ታውቃላችሁ። «የመጨበጥ ጉልበት» ብንል ማንም አይሳሳትም።

የወረቀቷ አዘጋጆች ሆይ፣ ዝለትን ባትወዱት እንኳ በሚቀጥለው ኅትመት «ተሰባሪ»ን ለካርቶኑ መልሱለት።