የቀጥቃጭ ምድጃና መሣሪያዎቹ

በደረስጌ ያደገ ተማሪ ሁሉ ይህን ታሪክ ከአያቶቹ አፍ ሰምቶታል። ደጃዝማች ውቤ በጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ በሺምፐር መሪነት የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ነገር ግን ደጃዝማች ካሣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ውቤን እዚሁ ድል ነሥተው፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ይህ በየመጽሐፉ አለ። እኔ የምጽፈው ግን ንጉሡ በኋላ ስለ ተመኙት መድፍና፣ ከመድፍ በፊት መኖር ስላለበት ስለ ምድጃ ነው።

የምድጃን ነገር ለመረዳት ከመንደራችን ቀጥቃጭ መጀመር ይሻላል። ምድጃው ከቤት ውጭ፣ በዳስ ጥላ ሥር የተቆፈረ ትንሽ ጉድጓድ ነው። የሚነድበትም የእንጨት ከሰል ነው። ከጎኑ ከፍየል ሌጦ የተሠሩ ሁለት ወናፎች አሉ፤ ረዳቱ አንዱን ሲጫን ሌላውን ያነሣል፤ ነፋሱም ሳይቋረጥ በሸክላ ቧንቧ አልፎ ወደ ፍሙ ይገባል። መንገደኛ የሚያየው መዶሻውንና መስፉን ነው። ባለሙያው ግን ማለዳ አስቀድሞ የሚያነሣው መቆስቆሻውን ነው። የትናንቱን አመድ ይዝቃል፤ ከሥር እንደ ጥቁር ድንጋይ የጋገረውን ዝቃጭ በመቆስቆሻው ጫፍ ፈንቅሎ በጉጠት ያወጣል፤ የቧንቧውን አፍ ይጠርጋል። ዝቃጩ ካልወጣ ነፋሱ ፍሙን አያገኘውም፤ ብረቱም እንደ ጠቆረ ይቀራል። የቧንቧው ጫፍ በእሳት ስለሚበላ በየጊዜው በአዲስ ጭቃ ይለበጣል። ወናፉ እንዳይሰነጠቅ ቅባት ይቀባል፤ ቀዳዳ ከተገኘም በቁራጭ ቆዳ ይጣፋል። ብረት መቀጥቀጥ የምንለው ሥራ ግማሹ ጽዳት መሆኑን ያወቅሁት ይህን ሁሉ ቆሜ ስመለከት ነው።

ወደ ንጉሡ ልመለስ። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተቀመጡትን አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ዋልድማየርና ባልደረቦቹ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ሙከራቸውም ወዲያው አልሰመረም። ትልቅ ምድጃ የትንሹ ችግር ሁሉ አለበት፤ ጭቃው እሳቱን ካልቻለ ይቀልጣል፤ ዝቃጭ መውጫውን ከዘጋም የቀለጠው ነሐስ ከቅርጹ ሳይደርስ ይረጋል። በመጨረሻ ግን 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ እየጠረጉ፣ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው አለ።

ቴዎድሮስ የእጅ ሥራን ያን ያህል ሲያከብሩ፣ እኛ ማረሻና ማጭድ የሚሠራልንን ሰው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን መስደባችን ያሳፍራል። በስሜንና በወገራ ከቀጥቃጮቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ። ከቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። ሙያውን የያዙት ሌሎች ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠቅጡት የአሮጌ መኪና ባሌስትራና ሌላ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

እኔም በልጅነቴ ከቀጥቃጭ ምድጃ እንዳልጠጋ፣ ዓይናቸውንም እንዳላይ ይነገረኝ ነበር። ባለፈው ክረምት አባቴ የደነዘዘ ማረሻ አስይዞ ላከኝ። ከዳሱ ራቅ ብዬ ቆምሁ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ቆመህ ከምታይ ና አመዱን ዛቅ» አሉኝ። መቆስቆሻውን ተቀብዬ ዛቅሁ። ዝቃጩ እንዳሰብኩት አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ ፈነቀልሁት፣ በአራተኛው ወጣ። እሳቱም ወዲያው ነጣ።