ጫልቱ በ«ሲ» ወይስ በ«ሲ ኤች»?

አዳማ የምትኖር አንዲት ጫልቱን እናስብ። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ስሟ በቁቤ ስለተጻፈ በ«ሲ» ይጀምራል። ፓስፖርቷ ላይ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ በ«ሲ ኤች» ነው። ለጎረቤት አንድ ሰው ናት፤ ለባንክ ኮምፒውተር ግን ሁለት ሴቶች።

በፊደላችንም ቢሆን አያልፍልንም። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በሁለቱ «ፀ» እና በስድስቱ «ሀ» እያፈራረቃችሁ ጻፉት፤ 12 ዓይነት ይሆናል። ሁሉም ሲነበብ አንድ ነው፣ ማሽን ግን አያነብም፣ ያመሳስላል እንጂ። የትውልድ ቦታ እንዳንጠቅስ፣ አንዱ ሰነድ ናዝሬት ይላል፣ ሌላው አዳማ። ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ዝዋይና ባቱም እንዲሁ።

ቀበሌ ይህን በራሱ መንገድ ፈትቶት ነበር። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከመጣ ወዲህ የቀበሌ ጸሐፊ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቤት ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ነው። ማህደሩ የሚወጣው በዚያ ነው። ጉድለቱ፣ ቁጥሩ የቤቱ እንጂ የሰውየው አለመሆኑ ነው። ቤት የቀየረ ሰው መሸኛ ይዞ ሄዶ አዲሱ ቀበሌ እንደ አዲስ ይመዘገባል።

በፈረንጆች 1970 የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ ዛሬ ባንኩም ቴሌውም የሚሠራበትን ሐሳብ አሳተመ። መረጃ በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ረድፍ በማይደገም ቁልፍ ይታወቅ፤ ያው ቁልፍ ሌላ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገኝ ሁለቱ ይገናኙ። ስም ለቁልፍነት አይበቃም፤ ይደገማል፣ ይቀየራልም። በተለይ የቤተሰብ ስም በሌለን አገር።

በአዋጅ 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ ያንን ቁልፍ ሰጠን፤ 12 አሃዝ። አሥር የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና ፊት የሚወሰደው አንድ ሰው ሁለት ቁጥር እንዳይዝ ነው። ከዚያ በኋላ ጫልቱ በየትኛውም ፊደል ብትጻፍ ትገኛለች። ብዙ የቀበሌ መታወቂያ ላይ የነበረው የ«ብሔር» መስመርም የለም። እሰየው ብያለሁ።

ይሁን እንጂ የቤት ቁጥሩ ከቀበሌው ግቢ አይወጣም ነበር። እንደዚያም ሆኖ ቀይ ሽብር ሲመጣ፣ ማን የት ቤት እንደሚኖር የሚያውቅ ጽሕፈት ቤት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ወላጆቻችን አይተዋል። አዲሱ ቁልፍ ደግሞ ባንኩን፣ ስልኩን፣ ግብሩን ባንድ ጥያቄ ያገናኛል። እነዚህ ሲገጣጠሙ ከአንድ የ«ብሔር» መስመር በላይ ይናገራሉ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፤ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከአንቀጹ ይልቅ ማየት የምፈልገው አንድ ተጨማሪ ሠንጠረዥ ነው፦ ቁጥሬን የትኛው መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን ጉዳይ እንደፈለገው የሚመዘግብ፣ እኔም በስልኬ ከፍቼ የማነበው።