ችካሉ ከመተከሉ በፊት
ዩኒቨርሲቲ ሲሰፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ገበሬ ሲነሳ ማን ተጠይቆ ነው?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና ፍኖተ ሰላምን አቋርጦ ወደ ቡሬ ይዘልቃል። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ስሟ ራሱ መንገድ ነው፤ የሰላም መንገድ። መንገድ ደግሞ የማንም የግል ንብረት አይደለም። ሬሳ ይሸኝበታል፣ ሙሽራ ይገባበታል፣ ከብት ይነዳበታል፣ በገበያ ቀን እህል የጫነ አህያ ያልፍበታል። ታዲያ አንድ ቀን አንድ ተቋም፣ ዩኒቨርሲቲም ይሁን ስታዲየም ወይም ፋብሪካ፣ «ይህ መንገድ ይዘጋልኝ» ቢል እሺ የሚለው ማነው?

የኢትዮጵያ ሕግ ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1446 መንገዶችንና ጎዳናዎችን ከሕዝብ ሀብት ይቆጥራቸዋል። በአንቀጽ 1454 ደግሞ እንዲህ ያለው ንብረት ከሕዝብ ሀብትነት መውጣቱ አስቀድሞ ካልታወቀ በቀር ለሌላ ሊተላለፍ አይችልም ይላል። ስለዚህ መንገድ ዝም ብሎ አይታጠርም። መጀመሪያ «ከእንግዲህ መንገድ አይደለም» ተብሎ በአደባባይ መነገር አለበት።

በብዙ የአሜሪካ ከተሞችም ሥርዓቱ ከዚህ አይርቅም። ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አዳራሽ ሊሠራ ፈልጎ መሐል ላይ ያለ መንገድ ሲያግደው ጉዳዩን ለከተማው ምክር ቤት ያቀርባል። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ነዋሪው ይሰማል፣ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል።

ወረቀቱ መሟላቱ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ዩኒቨርሲቲው ሞርኒንግሳይድ በተባለው የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ጂምናዚየም ለመሥራት እ.ኤ.አ. በ1961 ከከተማው ጋር ውል ተዋዋለ። ኪራዩ በዓመት 3,000 ዶላር ነበር። መናፈሻው ገደል ላይ ነው፤ ከላይ ዩኒቨርሲቲው፣ ከታች የጥቁሮች ሰፈር የሆነው ሃርለም። በፕላኑ መሠረት ተማሪው በላይኛው በር ይገባል፣ የሃርለም ነዋሪ በታችኛው በር ይገባል፤ ለነዋሪው የተተወለት ክፍልም ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 መጀመሪያ ቁፋሮው ሲጀመር የሰፈሩ ሰው ተቃወመ። በሚያዝያ ተማሪዎች በዚህና በቬትናም ጦርነት ጉዳይ ተቆጥተው የዩኒቨርሲቲውን ሕንፃዎች ያዙ። ፖሊስ ገብቶ 700 ያህል ሰዎችን አሰረ። በመጨረሻ ግንባታው ተሰረዘ፤ የተቆፈረው ጉድጓድ ለዓመታት አፉን ከፍቶ ቆይቶ በኋላ ኩሬ ሆነ። ውሉ በሕግ ፊት ሙሉ ነበር። የጎደለው መናፈሻው የሚወሰድበት ሰፈር «ይሁን» ማለቱ ነው።

በዚያው ወቅት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም.፣ ጎጃም ውስጥ ከዚህ እጅግ የከፋ ነገር ሆነ። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ፤ ምርት የሚገምቱ ሰዎችም ወደ ገጠር ወረዱ። የጎጃም ገበሬ ግን ከግብሩ በስተጀርባ ሌላ ነገር አየ። ዛሬ ምርት የሚገምት ነገ ገመድ ይዞ ይመጣል፣ መሬት ከተለካ ርስት ይሄዳል ብሎ ሰጋ። ቀድሞ ያስረዳውም፣ ሥጋቱን ቁጭ ብሎ የሰማውም አልነበረም። አመፁ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ተስፋፋ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ። መጨረሻ ላይ የተሰጠው መልስ መጀመሪያ ላይ በአንድ ሸንጎ ሊሰጥ ይችል ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ተለዋወጠ፤ አሠራሩ ግን እምብዛም አልተለወጠም። የ1967ቱ አዋጅ መሬትን ከባላባት አውጥቶ የሕዝብ አደረገ። በ1989 በአማራ ክልል በተካሄደው ሽግሽግ «ቢሮክራት» የተባለ ገበሬ ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር፣ በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ የወጣው የተቀናጀ ማስተር ፕላን የሰው ሕይወት ከጠፋበት ተቃውሞ በኋላ በ2008 ተሰረዘ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደብረ ማርቆስን ጨምሮ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ተከፈቱ። በ2013 ደግሞ ከአራቱ የሙከራ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ በቡሬ ተመረቀ። ዩኒቨርሲቲውም ፓርኩም ያስፈልጋሉ፤ የገበሬው ልጅ ይማርበታል፣ በቆሎውም ገዢ ያገኛል። ግን ሁሉም መሬት ላይ ነው የሚቆመው፤ መሬቱ ላይ ደግሞ ሰው አለ።

ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ሰው አፈናቅሎ አልተሠራም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ሲመረቅ ስድስት ኪሎ ያለውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሰጡት ራሳቸው ንጉሡ ነበሩ። የራስን መስጠት ቀላል ነው፤ የሌላውን ሲወስዱ ግን መጠየቅ ግድ ነው።

ሕጉም ይህን ያውቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ አስተያየታቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። በአንቀጽ 40 ደግሞ ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል። በ1997 የወጣው አዋጅ 455 ለሚነሳ ገበሬ የ10 ዓመት ገቢ ካሳ አሰበ፤ በ2011 የተተካው አዋጅ 1161 ወደ 15 ዓመት አሳደገው፤ ባለይዞታውን ቢያንስ ከ1 ዓመት በፊት ማወያየትንም ግዴታ አደረገ። የካሳው ቁጥር አደገ። ውይይቱ ግን ብዙ ጊዜ ውሳኔው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ነው። መድረክ ላይ ያሉት ያብራራሉ፣ ከታች ያለው ያጨበጭባል፣ ቃለ ጉባኤው «ሕዝቡ ተወያይቶበት ተስማምቷል» ብሎ ይዘጋል።

ክልሉ በግጭት ሲታመስ ስለ ምክር ቤትና ስለ ስብሰባ ማውራት ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የ1960ው ጎጃም እንደሚያሳየው ሰው መሣሪያ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሲያጣ ነው። ሰላም ሲወርድ መልሶ ግንባታ ይመጣል፤ መልሶ ግንባታ ሲመጣ ቀያሽ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ነዋሪው የሚጠራው ችካሉ ከመተከሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ «አይሆንም» የሚል ድምፅም ይቆጠራል፤ መንገዱ ዞሮ ሊያልፍ፣ ሕንፃው ሊጠጋ፣ ድንበሩ ሊቀየር ይችላል። በኋላ ከሆነ ግን ለገበሬው የሚቀርለት የካሳ ክርክር ብቻ ነው። ስሟ የሰላም መንገድ የሆነች ከተማ ይህን ልዩነት ማንም ሊያስተምራት አይገባም።